ሀልካኖ ከተማ ሊያሳይ ወጣ

ሀልካኖ አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያያት ለሰው ሲያስጎበኛት የኖረ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከድንበሩ ኬላ ብዙም በማይርቀው በእናቱ በሃጂራ የጨርቅ ሱቅ ነው። ሱቁ በር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። መኪናቸውን በኢትዮጵያ በኩል አቁመው በእግራቸው የሚሻገሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ይዘው እዚያ ይቀመጡና ለሚስቶቻቸው ሌሶ ያማርጣሉ። ሌሶ የኬንያ ሴቶች የሚያገለድሙት አበባ የታተመበት ጨርቅ ነው። ሀልካኖ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ አማርኛ ተማረ። አማርኛው የሾፌር አማርኛ ስለሆነ ጮክ ያለ፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» የሚል፣ በሁለት ቃል መሃል አንድ ስድብ ካላስገባ የማይጥመው ነበር። ፊደል ግን አልቆጠረም፤ የአማርኛ ጽሑፍ ሲያይ የጉንዳን ሰልፍ ያየ ያህል ነው።

ሾፌሮቹ የሚያወሩትን ሁሉ ሰምቷል። ፒያሳ እንዲህ ናት፣ መርካቶ እንዲያ ነው፣ የእንጦጦ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰምቶም አያበቃ፤ ለጓደኞቹ ሲያወራው ራሱ ያየው ያደርገዋል። «አዲስ አበባን ጓዳ ጎድጓዳዋን አውቃታለሁ» ይል ነበር፣ ከያቤሎ ወዲያ ሳይሻገር። እናም አዲስ አበባ ካለ አንድ ኮሌጅ የመማር ዕድል ሲያገኝ ሰፈሩ በሙሉ ጉድ ሲል ያልተገረመ እሱ ብቻ ነበር።

እናቱ ሃጂራ ግን ልጇን ታውቀዋለች። አውቶቡስ ልታሳፍረው በሄደች ጊዜ፣ «ሀልካኖ፣ የማታውቀውን ነገር ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?» አለችው።

«የማላውቀው ምን አለ፣ አዮ?» አላት። እናቱን የሚጠራት እንደ አገሩ ልጆች አዮ እያለ ነው።

ሃጂራ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየችና ሻንጣውን አቀበለችው።

ኮሌጁ ውስጥ ሁለት የአገሩ ልጆች አገኘ። አንዱ ከኪሱሙ የመጣው ኬቨን ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም፣ ስለ ምግብ ካልሆነ በቀር በምንም የማይጨነቅ። ሌላዋ ከኒየሪ የመጣችው ጆይስ ናት፤ ንግግሯ ጥቂት፣ ጥያቄዋ ግን መውጫ የሚያሳጣ። ሁለቱም አማርኛቸው «አመሰግናለሁ» ላይ ቆሞ ነበር። ሀልካኖ ከኮሌጁ ዘበኛ ጋር እየጮኸ ሲያወራ፣ ዘበኛውም ሆዱን ይዞ ሲስቅ አዩና ተደነቁ። ዘበኛው የሚስቀው የአባቱ እኩያ የሆነውን ሰው ልጁ «አንተ ወመኔ» ስላለው መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም።

«ቅዳሜ ከተማውን አሳየን» አሉት።

ሀልካኖ መች ጠላ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት እሱን ነው። «እንጦጦ እወስዳችኋለሁ» አለ። «ከተማዋን ከላይ ሆናችሁ ነው ማየት ያለባችሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ወጡ። ሚኒባሶቹ በተኮለኮሉበት ረዳቶቹ የሰፈር ስም እያነበነቡ ይጮኻሉ። ሀልካኖ ጆሮውን አቀና፤ በሾፌር አማርኛ ያደገ ጆሮ እንኳ ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንድ ስም መለየት አቃተው። አልገባኝም ማለት ደግሞ አልለመደበትም። ቀልጠፍ ብሎ በቅርቡ ወዳለው ሚኒባስ አስገባቸው።

ከፊታቸው፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጆይስ ጣቷን ቀስራ፣ «ምን ይላል?» አለች።

ሀልካኖ ጉንዳኖቹን ትኩር ብሎ አያቸው። «እንኳን ወደ ውቢቷ ከተማችን በሰላም መጣችሁ ይላል» አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን እንደ ሬዲዮ ሰው አሳምሮ።

ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «እባክዎ በሩን በቀስታ ይዝጉ ነው የሚለው» አለች፣ እሷም በእንግሊዝኛ።

«በሩን የሚዘጋው እንኳን ደህና የመጣ ሰው አይደል?» አለ ሀልካኖ። በኋላ ይህን ሲያወራ፣ «ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆይስ በግማሽ ዓይኗ ታየኝ ጀመረች» ይላል።

ሚኒባሱ ሄደ፣ ሄደ። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። «እንጦጦ ተራራ ነው አላልክም?» አለች ጆይስ።

«በጀርባው በኩል ነው የምንወጣው።»

ጥቂት እንደ ተጓዙ ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ «መጨረሻ ነው! ውረዱ!» አለ። ወረዱ። አዲስ የተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች፣ የተቆፈረ መንገድ፣ የአሸዋ ክምር። ሀልካኖ ረዳቱን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ «አንተ! ተራራው የት ሄደ?» ሲል ጠየቀው።

«የቱ ተራራ?»

«እንጦጦ!»

ረዳቱ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እንጦጦማ በከተማው በሌላኛው ጫፍ ነው፣ ወንድሜ። ተቃራኒውን ነው የመጣኸው።»

«ምን አለህ?» አለ ኬቨን።

«ዛሬ ጉም ስላለ እንጦጦ አይታይም አለኝ» አለ ሀልካኖ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ነበር።

ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ሆነው በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ሲዞሩ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ኬቨን ሰዓቱን እያየ መቃተት ጀመረ። እንግዲህ ሀልካኖ ጭንቅ ላይ እያለ ነው አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የተተከለውን ትልቅ ድንኳን ያየው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ሴቶች ትልልቅ ድስት ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ ሽሮው ከሩቅ ይሸታል።

«ደረስን!» አለ ሀልካኖ። «እኔ እኮ ወደዚህ ነበር የማመጣችሁ። በአዲስ አበባ የታወቀው የድንኳን ምግብ ቤት ይህ ነው።»

ድንኳኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ሀልካኖ የምግብ ቤቱ ኃላፊ መስለውት፣ «ለሦስት ሰው ቦታ አለ?» አላቸው። ሽማግሌው ግራ የገባቸው ይመስላሉ፤ ኬቨንን ሽቅብ አዩት፣ እንግዶች መሆናቸውን ተረዱ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» ብለው አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። አስተናጋጅ የመሰለች ልጅ መጀመሪያ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ጆይስ።

«ዋናው ምግብ እስኪደርስ የሚቆረጠም ነው» አለ ሀልካኖ።

«ለምን ሁሉም ዝም አለ?»

«ምግቡ ስለሚጣፍጥ።»

«ሴቶቹ ለምን ጥቁር ለበሱ? ነጠላውንስ ለምን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት?»

«የዘንድሮ ፋሽን ነው።»

ምግቡ መጣ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ ለእስላሙ ለሀልካኖም ምንም የሚያስቸግር አልነበረም። ኬቨን ደግሞ ደጋግሞ አስጨመረ። ሆዱ ሲሞላ ሀልካኖ ወደ ኋላ ለጠጥ አለና፣ ሾፌሮቹ አስተናጋጅ ሲጠሩ እንደሚያደርጉት፣ እጁን ሁለት ጊዜ ጮክ አድርጎ አጨበጨበ።

«ሂሳብ!»

ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ወደ እሱ አዞረ። ከውስጥ የሚሰማው የሴቶች እንጉርጉሮ እንኳ ተቋረጠ። ጥቁር ኮት የለበሱት ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ የምን ሂሳብ? ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አሉት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ሀልካኖ ኪራይ ይከፍላት ነበር። ጎንበስ ብሎ ለጓደኞቹ በስዋሂሊ ሹክ አላቸው፤ «ሰው ሞቶ ነው። ለቅሶ ላይ ነው ያለነው።» ኬቨን የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ጆይስ ግን ወዲያው ተነስታ፣ ከውስጥ ሰዎች ደግፈው ወዳወጧቸው ጥቁር የለበሱ ሴት ሄደችና በሁለት እጇ እጃቸውን ይዛ ባገሯ ቋንቋ አጽናናቻቸው። «ፖሌ፣ ማማ። ፖሌ ሳና።» በስዋሂሊ ያዘነን ሰው ሲያጽናኑ የሚባለው ይኸው ነው።

ሴትዮዋ ክው ብለው ቆሙ። «ምን አልሽ? ፖሌ አልሽ?» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጮኹ። «ስሙን ጠራችው! ከሞያሌ ነው የመጡት! የላቀው ሰዎች ናቸው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ አቶ ላቀው ዕድሜውን ሙሉ በሞያሌ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነበር። ለባለቤቱ፣ ለእኚሁ ሴትዮ ለወይዘሮ አረጋሽ፣ «በኬንያ በኩል ፖሌ ነው የሚሉኝ» እያለ ይነግራቸው ነበር። ትርጉሙን ግን ነግሯቸው አያውቅም። አሁን ሦስት ኬንያውያን ካልታሰበ ቦታ መጥተው ድንኳናቸው ውስጥ «ፖሌ» ሲሉ፣ ወይዘሮ አረጋሽ ሀልካኖ አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። «ልጄ፣ እውነት ከሞያሌ ነህ?»

«አዎ» አለ። እስከዚህ እውነት ነው።

«ላቀውን... ፖሌን ታውቀዋለህ?»

እንግዲህ ሀልካኖ በሕይወቱ አላውቅም ማለት ካለበት ይህች ሰዓት ነበረች። ደግሞም ፖሌን ያውቃል! ፖሌ ማለት ቀስ በል ማለትም ነው፤ መኪናውን እንደ ኤሊ የሚነዳ፣ በእናቱ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሾፌር ፖሌ የሚባል አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና፣ «ፖሌን የማያውቅ ሞያሌ ውስጥ ማን አለ!» አለ።

ሰው ከበበው። «እስቲ ንገረን» አሉት። እሱም ነገራቸው። በአንድ ሠርግ ላይ ፖሌ ተነስቶ እስክስታ ሲወርድ ትከሻው ከአንገቱ የተለየ እስኪመስል፣ ሙሽራው ተረስቶ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ፣ ሴቶቹ ሌሶ እያነሱ ሲያለብሱት። ሀልካኖ ራሱ ቆሞ ትከሻውን ሰበቅ ሰበቅ አድርጎ አሳያቸው። ለቅሶኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ላቀው?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ ቀስ ብለው። «ላቀው ጨፈረ?»

«ሲጨፍር ያድራል እንጂ!»

«እሺ» አሉ። «ደስ ብሎት ነበር ማለት ነዋ።» ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቁትም።

ወደ ኮሌጁ ሲመለሱ ጆይስ መንገዱን ሙሉ ከሀልካኖ ፊት ዓይኗን አልነቀለችም። መጨረሻ ላይ፣ «ሴትዮዋን ምን ብለሃቸው ነው ፊታቸው የጠቆረው?» አለችው።

«ደስታ ነው» አለ ሀልካኖ። እሱ ራሱም ግን አላመነውም። አመሻሽ ላይ ለእናቱ ደወለ።

«አዮ፣ ፖሌ ሞተ» አላት።

«ማን ፖሌ?»

«ያ ጨፋሪው፣ ሾፌሩ።»

«አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል» አለች ሃጂራ። «ላገናኝህ?»

ሀልካኖ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሃጂራ የሟቹን ስም ጠየቀችው። ላቀው ሲላት በስልኩ ውስጥ ለቅሶዋን ሰማ። ሞያሌ ውስጥ ፖሌ የሚባሉ ሁለት ሾፌሮች አሉ። አንዱ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው የተባለው። ሌላው ግን ዝምተኛው፣ ወንበር ሲስብ «ፖሌ»፣ መንገድ ሲያልፍ «ፖሌ»፣ ሰው እሱን ገፍቶት እንኳ ሲሄድ «ፖሌ» የሚለው ነው። በስዋሂሊ ይቅርታም ፖሌ ነዋ። «ከአግዳሚው ጫፍ የሚቀመጠው» አለች ሃጂራ። «የጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ አጥቦ የሚመልሰው። ልጄ፣ አንተ እኮ በልጅነትህ እሱ ጀርባ ላይ ነበር የምትተኛው።»

ሀልካኖ ሊያስታውስ ሞከረ። የጫፉን ሰው መልክ ማምጣት አቃተው። ሞያሌ ሙሉ ስለ ጨፋሪው ያወራል፤ ስለ ዝምተኛው የሚወራ ነገር ስላልነበረ ሀልካኖም አልሰማም፣ ስላልሰማም አላየም።

ለጓደኞቹ ሁሉንም ነገራቸው፤ ተራራውን፣ ጉሙን፣ ፊደሉንም ጭምር። ጆይስ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ነገ ተመልሰን እንሄዳለን» አለች። ኬቨን ደግሞ ምግብ ይኖር እንደሆነ ሊጠይቅ አስቦ፣ ፊቷን አይቶ ተወው።

በማግሥቱ ወይዘሮ አረጋሽን ቤት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። እኚያ ጥቁር ኮት የለበሱት ሽማግሌም፣ የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ አጠገባቸው ነበሩ። ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቀጭን ሰው፣ ካሜራውን ያስቸገረ ይመስል አንገቱን ሰበር ያደረገ። ሀልካኖ ያን ጊዜ አወቀው። ሰውየውን በልጅነቱ ሁሌ ያየው ነበር፤ የሱቁ ዕቃ ያህል ነበር የለመደው።

«እትዬ አረጋሽ» አለ፣ ቆሞ። ትናንት «አንቺ» ሲላቸው መዋሉ ትዝ ብሎት አማርኛው ተሳሰረበት። «ትናንት የነገርኩዎት ሰው ሌላ ሰው ነው። እሱ በሕይወት አለ። እኛም ለቅሶ ልንደርስ አይደለም የመጣነው። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አገሩንም አላውቅም፤ ድንኳኑን ሳይ... ምግብ ቤት መስሎኝ ነው።»

የእድሩ ዳኛ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምግብ ቤት?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለዚህ ነው ሂሳብ ያልከው?»

«አዎ።»

ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ እያለቀሱ መስሎት ሊያጽናናቸው ተነሳ። እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሲወጣ የእድሩን ዳኛም ይዞ ወጣ፤ ያ ሁሉ ኀዘንተኛ ኬቨንን እያየ፣ «ሦስት ጊዜ አስጨምሮ!» እያለ ዓይኑን ይጠርግ ገባ። ኬቨን ስለ ምን እንደሚስቁ ባያውቅም አብሮ ሳቀ።

«ና ተቀመጥ» አሉት ወይዘሮ አረጋሽ ሳቁ ሲበርድላቸው። «ምን እንዳደረግኸኝ ታውቃለህ? ሌሊቱን ሙሉ ከሟች ጋር ስጣላ ነው ያደርኩት። ላቀው በሠርጋችን ቀን እንኳ ትከሻውን አላንቀሳቀሰም። ሞያሌ ሄዶ የሚጨፍር ከሆነ ታዲያ እኔ የማለቅሰው ማንን ነው? እያልኩ።»

ጆይስ የሀልካኖን ክንድ ነካ አደረገችና ስልኩን ጠቆመችው። ወደ ሞያሌ ደወለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ከማውራት ይልቅ ስልኩን ለሰው ሰጠ።

ሃጂራ በተሰባበረ አማርኛዋ ለወይዘሮ አረጋሽ ስለ ባላቸው ነገረቻቸው። ሌሶ ሊገዛ ሲመጣ ጨርቁን ሁሉ እንደሚያስወርድ፣ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አውጥቶ እንደሚያይ፣ «ለእሷ ቀይ ይሻላል ወይስ ሰማያዊ?» እያለ እንደሚጠይቅ፣ አንዳንዴም መምረጥ አቅቶት «ፖሌ፣ ስመለስ እወስዳለሁ» ብሎ እንደሚሄድ። ወይዘሮ አረጋሽ ጓዳ ገብተው ሳጥን ከፈቱ። ሳጥኑ በሌሶ ሞልቶ ነበር። አንዱንም ለብሰውት አያውቁም። «ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብሎ በችኮላ የሚያነሳው ይመስለኝ ነበር» አሉ፣ ለስልኩ ይሁን ለሳጥኑ ሳይለይ።

ክረምት ገብቶ ኮሌጁ ሲዘጋ ወይዘሮ አረጋሽ ከሦስቱ ጋር ወደ ሞያሌ ወረዱ። ድንበሩን በእግራቸው ሲሻገሩ ከሐዘን ልብሳቸው ላይ ቀይ ሌሶ ደርበው ነበር። በኬንያ በኩል መኪና ግራውን ይዞ ስለሚሄድ፣ አስፋልቱን ሲያቋርጡ ባላሰቡት አቅጣጫ የመጣ ቦዳ ቦዳ የሚባል ሞተር ሳይክል ሊገጫቸው ደረሰና ኬቨን በአየር ላይ አንስቶ አሻገራቸው።

የሀልካኖ ወሬ ከሀልካኖ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ጨፋሪው ፖሌ ሱቁ በር ላይ ሲጠብቃቸው አገኙት። «የሞትኩት ሰውዬ እኔ ነኝ» አለ፣ ሀልካኖን ጆሮውን ይዞ። ከዚያ ወይዘሮ አረጋሽን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀና ድምፁ ተለወጠ። «ላቀው መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስብኝ ጥሎኝ ሄዶ አያውቅም ነበር» አላቸው። የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አልጨፈረም።

ሃጂራ ወይዘሮ አረጋሽን ከአግዳሚው ጫፍ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱ ሴቶች እስኪመሽ አወሩ፤ ሀልካኖ ሊያስተረጉም መሃላቸው ገብቶ ቢቀመጥም ማንም የጠየቀው አልነበረም። አንድ ጊዜ አማርኛዋን ሲያርምባት እናቱ ሻይ እንዲያመጣ ላከችው።

ሲመለስ ወይዘሮ አረጋሽ ወደ ደቡብ የሚወርደውን አስፋልት እያዩ ነበር። «ይህ መንገድ ናይሮቢ ይደርሳል?» አሉ። «ናይሮቢስ እንዴት ያለች ናት፣ ሀልካኖ?»

ሀልካኖ አፉን ከፈተ። ሃጂራ አየችው። ጆይስ አየችው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለ። «ሄጄ አላውቅም።»

ኬቨን አጨበጨበለት። ሀልካኖ ሻዩን ቀዳ፣ ስኳሩን አቀበለ፣ ተቀመጠ። ከዚያ አላስችል አለው። «ግን ሾፌሮቹ እንደሚሉት ከሆነ፣ እዚያ ያለው ፎቅ...»

«ሀልካኖ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።